የአከራዬ ጊሽጣ

ባለፈው ሳምንት ደብረ ብርሃን፣ አንድ ፍራፍሬ ቤት በር ላይ ስደርስ የበሰለ ጊሽጣ ሸተተኝ። አልገዛሁም። እዚያው ቆሜ ቆየሁ።

ሸዋሮቢት ለማስተማር የተመደብኩት ገና በወጣትነቴ ነው። ከጣርማ በር ቁልቁል ወርጄ ስደርስ የተቀበለኝ ሙቀቱ ብቻ ነበር፤ አንድም የማውቀው ሰው አልነበረኝም። የተከራየኋት ክፍል ብቻቸውን የሚኖሩ አንዲት እናት ግቢ ውስጥ ነበረች፤ ከሰዓት በኋላ ቆርቆሮዋ በፀሐይ ይንጣጣል። አከራዬን እትዬ እላቸው ነበር። ከሰላምታ ያለፈ ወሬ አልነበረንም።

ግቢያቸው ውስጥ በሰፈሩ ማንም ጋ የሌለ የጊሽጣ ዛፍ ነበር። አንድ ልጃቸው ድሬዳዋ አትክልት ቦታ ሲሠራ ቆይቶ ችግኙን አመጣና ተከለው፤ ከዚያ በጅቡቲ በኩል ባሕር ሊሻገር ሄደ። ከሄደ ወዲህ ድምፁ አልተሰማም። ዛፉ ግን አደገ፣ አበበም፤ አበባው ሳያፈራ እየረገፈ አስቸገራቸው እንጂ።

አንድ ቀን አመሻሽ ላይ የዶሮ ላባ ይዘው ወደ ቅርንጫፉ ሲንጠራሩ አየኋቸው።

«ምን እያደረጉ ነው፣ እትዬ?»

«ልጄ ሳይሄድ፣ እንዲያፈራ አበባው በላባ ይነካካል ብሎኝ ነው። እጄ አልደርስ አለኝ።»

ላባውን ተቀበልኳቸው። ከዚያ በኋላ አመሻሽ ላይ ከተከፈቱት አበቦች የአበባ ዱቄቱን በላባው አነሳና ጠዋት ገና ለሚፈኩት አስነካለሁ። እሳቸው ከታች ሆነው «ያቺን ረሳሃት! ከበላይዋ!» ይሉኛል። በዚያ ከተማ፣ ከተማሪዎቼ ሌላ፣ ስሄድ ስመጣ የሚያነጋግረኝ ሰው አገኘሁ።

አንዲት ፍሬ ብቻ ያዘች። ስትደርስ ቆርጠው በነጠላ ጠቅልለው ጓዳ አስቀመጧት።

«አይበሏትም?»

«እሱ ሳይቀምሳት? ይመጣል፣ ኢንሻአላህ።»

ሽታዋ እኔ ክፍል ድረስ ይመጣ ጀመር። ትበላሻለች ልላቸው እስከ ጓዳው በር ሄጄ ተመለስኩ።

አንድ ከሰዓት ከትምህርት ቤት ስመለስ ጠሩኝ። ፍሬዋ ሳህን ላይ ለሁለት ተከፍላለች፤ ግማሿ ጠቁሯል። ደህናውን ወደ እኔ ገፉና «ቢስሚላህ» ብለው ከጠቆረው ቆነጠሩ። ውስጧ ነጭ ነው፤ እንደ እርጎ ለስላሳ፣ በጣም የሚጣፍጥ። ዘሮቿን እየተፋን በላን።

«ጣፋጭ ነገር ይወድ ነበር ልጄ» አሉ።

እስከዚያ ቀን ስለ እሱ «ነበር» ብለው አያውቁም። ራሳቸውም የሰሙት ይመስለኛል፤ እጃቸው ሳህኑ ላይ ቀረ። በርጩማዬን ወደ እሳቸው አስጠጋሁና እስኪመሽ አብረን ተቀመጥን።