ከዘለበቱ ሥር ያለው ቆዳ

የደረቀ ቆዳ የማለስለስ ሥራ የጀመርኩት ጋምቤላ ከተማ፣ ከባሮ ድልድይ ብዙም በማይርቅ የቆርቆሮ ሱቅ ውስጥ ነው። ከጎሬ ከወረድኩ ገና ሳምንት አልሞላኝም ነበር። በመጀመሪያው ቀን አሠሪዬ ጋሽ ኡጁሉ መጥረጊያ ሰጡኝና ሱቁን መጥረግ ጀመርኩ። ጠርጌ ሳልጨርስ አንድ የመጋዘን ጥበቃ ገብቶ የሽጉጥ አፎት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። አፎቱ በጎርፍ ረጥቦ፣ ፀሐይ ላይ ደርቆ እንደ አጥንት ጠንክሯል። ሽጉጡ ውስጡ ነው።

"አልወጣ አለኝ" አለ ጥበቃው።

"ጥይት አለው?" አሉ ጋሽ ኡጁሉ።

"ጎርሷል።"

ጋሽ ኡጁሉ አኙዋ ናቸው፤ አማርኛቸው አጭርና ቀስ ያለ ነው። "ሁላችሁ ከኋላዬ" አሉን። አፈሙዙን በጓሮ ወዳለው የአፈር ክምር አዞሩት። ስፌቱን ለብ ባለ ውኃ በተነከረ ጨርቅ አራሱትና ቁጭ ብለው ጠበቁ። ከዚያ ክሩን በትንሽ ቢላ አንድ በአንድ ፈቱት። ሽጉጡ ተላቆ እስኪወጣ ድረስ መጥረጊያውን እንደታቀፍኩ ቆሜ ነበር። ጥበቃው መሬት ላይ ተቀመጠ። እኔም ወደ ጎሬ የሚመለሰው መኪና ስንት ሰዓት እንደሚነሳ እያሰብኩ ነበር።

አልተመለስኩም። ጋሽ ኡጁሉ ዕድሜ ተጭኗቸው ወደ መንደራቸው እስኪገቡ ድረስ አብሬያቸው ሠራሁ፤ ከዚያ ሱቁ የእኔ ሆነ። የጥበቃዎች ቦቲ፣ የሞተር ሳይክል ቦርሳ፣ የመጽሐፍ ቅዱስ ሽፋን፣ ከጀዊና ከኩሌ የስደተኞች ካምፕ ሠራተኞች የሚመጣ የመሣሪያ መያዣ ሁሉ በእጄ አልፏል። እዚህ አገር ክረምቱ ያረጥባል፣ በጋው ይጠብሳል፤ ቆዳ አይችለውም።

አሠራሩ ከባድ አይደለም፤ ትዕግሥት ነው የሚፈልገው። ቆሻሻውን በደረቅ ብሩሽ ታነሳለህ። ለብ ባለ ውኃና በሳሙና ታጥባለህ። ጥላ ውስጥ ታደርቃለህ፤ እሳት ዳር ካስጠጋኸው ይኮማተራል። እርጥበቱ ሙሉ በሙሉ ሳያልቅ የጉሎ ዘይት፣ ሞራና ሰም አንድ ላይ አቅልጠህ በመዳፍህ ታሻለህ። ሰሙን የማመጣው ከመቲ ነው፤ የጫካ ማር ሰም ስለሆነ ሽታው ደስ ይላል። ቆዳው ከጠጣ በኋላ በድቡልቡል እንጨት ላይ እያጠፍክ ታለማምደዋለህ። ደግመህ ትቀባለህ።

አንድ ክረምት ኦኬሎ የሚባል የመብራት ሠራተኛ ሁለት የመውጫ ቀበቶዎች ይዞልኝ መጣ። ምሰሶ ላይ የሚወጣ ሰው ወገቡን ከእንጨቱ ጋር የሚያስርባቸው ሰፋፊ የቆዳ ቀበቶዎች ናቸው። ጎርፍ የገባበት መጋዘን ውስጥ ከርመው ደርቀዋል።

"አዲሱ ገና አልመጣልንም። እነዚህን አድንልኝ፣ ጋሽ ታደሰ" አለኝ።

ኦኬሎን ከልጅነቱ አውቀዋለሁ። ባለቤቴ አስቴር ቤተ ክርስቲያን አብራው ትዘምራለች። የቻልኩትን ሁሉ አደረግሁ። ሁለቱም እንደ ጨርቅ ለሰለሱ። የቀረኝ ዘለበቶቹን አንስቼ ከሥራቸው ያለውን ቆዳ ማየት ብቻ ነበር፤ ያን ሳላይ እንዳይወስዳቸው ነግሬው ነበር።

በማግሥቱ ጠዋት የመጀመሪያውን ቀበቶ ይዤ ወደ ጓሮ ወጣሁ፤ ሁለተኛው ሱቅ ውስጥ ሚስማር ላይ ተሰቅሏል። ዘለበቱን ከቆዳው ጋር የያዙትን የብረት ሪቬቶች ነቅዬ የታጠፈውን ቆዳ ገለጥኩት። የብረቱ ዝገት ቆዳውን በልቶ አጥቁሮታል። ወስፌዬን ስጭንበት ውኃ ውስጥ እንደተዘፈዘፈ ዳቦ ሰመጠ።

ሁለተኛውን ለማየት ወደ ሱቅ ገባሁ። ሚስማሩ ባዶ ነው።

"አስቴር! ቀበቶው የት አለ?"

"ኦኬሎ አሁን ወሰደው። ጤና ጣቢያው መብራት የለውም፣ የክትባቱ ፍሪጅ ቆሟል አለኝ። አልቋል ወይ ብሎ ሲጠይቀኝ አዎ ብዬ ሰጠሁት። ምነው?"

ለኦኬሎ ስልክ ደወልኩ፤ ይጠራል፣ አይነሳም። ኦኬሎ ምሰሶ ላይ ሲወጣ ስልኩን መኪና ውስጥ እንደሚተው አውቃለሁ።

ባጃጅ አስቁሜ፣ ወደ ጤና ጣቢያው ብዬ ገባሁ። ሾፌሩ ጉድጓድ ባየ ቁጥር ፍሬን ይይዛል። "ፍጠን፣ ሰው ሊሞት ነው" አልኩት። ዞር ብሎ እንኳ ሳያየኝ ነዳው።

ደረስኩ። ኦኬሎ የእንጨቱ ምሰሶ ጫፍ ላይ ነው። እግሩ ላይ የታሰሩትን የመውጫ ብረቶች እንጨቱ ላይ አስነክሶ፣ ቀበቶው ላይ ወደ ኋላ ተደግፎ፣ በሁለት እጁ ሽቦ ያጠብቃል። የሰውነቱ ክብደት ያለው እዚያ ዘለበት ላይ ነው። ልጮህ አፌን ከፈትኩና ዘጋሁት። ደንግጦ ቢወራጭስ?

የሠራተኞቹ ፎርማን ከታች ቆሞ ነበር። ጆሮው ሥር ሆኜ ጓሮ የፈታሁት ቀበቶ ከዘለበቱ ሥር እንደበሰበሰ ነገርኩት። ፊቱ ተለዋወጠ፤ ድምፁን ግን አልቀየረም።

"ኦኬሎ፣ ሥራውን ተወው። ምሰሶውን በሁለት እጅህ እቀፍ።"

"ትንሽ ነው የቀረኝ፣ አለቃ!"

"እቀፍ። ከዚያ እነግርሃለሁ።"

ኦኬሎ ወደ ታች አየ፤ እኔን ሲያይ ገባው መሰለኝ። ፒንሳው ከእጁ ወድቆ አጠገባችን አረፈ። እንጨቱን አቀፈው። በየእርምጃው ብረቱን እየነቀለ፣ እየተከለ ወረደ። አንዴ ብረቱ ሳተና ክንድ የምታህል ተንሸራተተ፤ ዓይኔን ጨፈንኩ። ስከፍት አሁንም አቅፎ ነበር።

እግሩ መሬት ሲነካ ደረቱና ክንዶቹ ተልጠው ይደሙ ነበር። ፎርማኑ ቀበቶውን ፈታለትና ዘለበቱን ይዞ ጎተተው። ብዙም አልታገለም፤ ዘለበቱ እጁ ላይ ቀረ።

ኦኬሎ ጭቃው ላይ ተቀምጦ መዝሙር ይሁን ጸሎት በአኙዋ ያንሾካሹክ ጀመር። እኔም አጠገቡ ተቀመጥኩ። የጤና ጣቢያው መብራት የመጣው ከሌላ ወረዳ መሰላል ተውሰው ነው፤ መሰላሉ ላይ የወጣው ፎርማኑ ራሱ ነበር።

አስቴር ስትሰማ አለቀሰች። ጥፋቱ የእሷ እንዳልሆነ ደጋግሜ ነገርኳት። እሷም ታውቃለች፤ ግን ኦኬሎ ሲዘምር ባየች ቁጥር የክንዶቹን ጠባሳ ነው የምታየው።

ከዚያ ወዲህ የሥራዬን ቅደም ተከተል ለውጫለሁ። ሰው የሚንጠለጠልበት ቆዳ ሲመጣ ውኃም ዘይትም ሳላስነካው መጀመሪያ ብረቱን ነቅዬ ሥሩን አያለሁ። የሞተ ቆዳ ካገኘሁ ማንም እንዳይጠቀምበት ባለቤቱ ፊት ለሁለት እቆርጠዋለሁ። ማለስለስ ቆዳን ያለሰልሳል፤ ጥንካሬውን አይመልስለትም።