መርዶ ይዤ በግንቡ መንደር

ከአዳማ የወጣሁት ማክሰኞ ከሰዓት ነው። ለጎረቤቱ ሁሉ «እህቴን ልጠይቅ ጣሊያን መሄዴ ነው» ብያለሁ። እውነት ነው፤ ግማሹ። ሌላው ግማሽ አባታችን ከሞተ አራት ወር ማለፉ ነው። እህቴ ጽጌ አልሰማችም። በየእሁዱ ስትደውል «ተኝቷል»፣ «ጠበል ሄዷል» እያልን አለፍናት። መርዶ በስልክ አይነገርማ። እናቴ በር ላይ ቆማ የሰጠችኝ ትእዛዝ ይህ ነበር፦ «ብቻዋን ሳለች እንዳትነግራት። ሰው ሰብስበህ፣ በማለዳ ንገራት። የሚይዛት ሰው ይኑር።»

በሰው አገር ሰው ከየት ነው የምሰበስበው? በፈጣን መንገዱ ሞጆንና ቢሾፍቱን ሳልፍም፣ አውሮፕላን ላይም ያሰብኩት ይህንኑ ነው።

በሩ ሥር

ከሮም በባቡር፣ ከዚያ በአውቶቡስ፤ በድምሩ ሁለት ሰዓት ተኩል። የመንደሩን ስም እንዳልጽፍ ጽጌ ለምናኛለች፤ «ጎብኚ ይወረናል» ትላለች። ኮረብታ ላይ የተቀመጠ፣ ዙሪያውን በግንብ የታጠረ ትንሽ መንደር ነው። መግቢያው አንድ በር ብቻ፤ መኪና አይገባም። ጽጌ የምትንከባከባቸውንና «ሲኞራ» እያለች የምትጠራቸውን አሮጊት ክንዳቸውን ይዛ በሩ ሥር ትጠብቀኝ ነበር። አንገቴ ላይ ተጠመጠመችና ገና ሳትለቀኝ «አባባስ?» አለች።

«ደህና ነው» አልኩ። ምላሴን በቆረጠው።

መርዶ ይዤም ዓይኔ አላረፈም። ግንበኛ ነኝ፤ ሥራውንም ያስተማረኝ አባቴ ነው። ግንቡን በእጄ ዳሰስኩት። ስምንት መቶ ዓመት አልፎታል ይላሉ፤ ሲሚንቶ የለበትም፣ ኖራ ብቻ። ድንጋዩ እሳተ ገሞራ የተፋው ነው፤ በወለንጪቲ በኩል ከምናስወጣው ብዙም አይለይም። አንድ ቦታ ላይ መስመሩ ተንጋዶ አየሁ፤ ኋላ የተጠገነ ነው። አባባ ቢያየው «ይሄ ሰው ቸኩሏል» ይል ነበር። ለጽጌ ልነግራት አፌን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት።

በሲኞራ እርምጃ

በማግስቱ መንደሩን ዞርነው። ግንቡን ተከትሎ አንድ ዙር ለመጨረስ ሃያ ደቂቃ ይበቃል፤ እኛ ግን በአሮጊቷ እርምጃ ሙሉ ጠዋት ፈጀን። ሲኞራ በየአግዳሚው ያርፋሉ፣ ያገኙትን ድመት ሁሉ በስሙ ይጠራሉ። አንዳንዱ መተላለፊያ እንኳን የኛን ጋሪ፣ ጭነት የያዘች አህያም አያሳልፍ። ቡና ቤቱ አንድ ነው። ቆመው ከጠጡ አንድ ዩሮ ከሃያ ሳንቲም፣ ከተቀመጡ ሁለት ዩሮ። መቀመጥ ሲያስከፍል ያየሁት እዚያ ነው። ምሳ የባቄላ ሾርባ በዳቦ በላን። ዳቦው ጨው የለውም፤ ጋጋሪዋ የረሱት መስሎኝ ላለማሳፈር ዝም ብዬ በላሁ። ጽጌ ሳቀችብኝ፤ ለካ ድሮም እንዲህ ነው የሚጋግሩት።

ዓይኔ የበራው አመሻሽ ላይ ነው። ከበሩ አጠገብ አሮጊቶች ከየቤታቸው ወንበር እያወጡ ግንቡን ተደግፈው ተቀመጡ። ስድስት ሰባት ይሆናሉ። አላፊውን ሁሉ ያስቆማሉ። ማን እንደታመመ፣ የማን ልጅ እንደመጣ ያውቃሉ። ዕድርተኞች ናቸው አልኩ በልቤ፤ የጎደላቸው ጥሩምባ ብቻ ነው።

ሦስተኛው ቀን

ጽጌ ሲኞራን ስታጥብ እኔ ብቻዬን ወደ ሴቶቹ ሄድኩ። ስልኬ በአማርኛ ያልኩትን ወደ ጣሊያንኛ ይመልስልኛል፣ የእነሱንም እንዲሁ። የአባቴን ፎቶ አሳየኋቸውና ነገሩን ከነልማዳችን አስረዳኋቸው። ዳቦ ጋጋሪዋ ሮዛ ፎቶውን አተኩረው አዩት።

«መቼ ሞቱ?» አሉኝ።

«ከአራት ወር በፊት።»

ፊታቸው ጠቆረ። «እሷ እኮ በየእሁዱ ቤተ ክርስቲያን ለጤናቸው ሻማ ታበራለች። አጠገቧ ነው የምቀመጠው።»

አፈርኩ። ወግ ጠበቅን ብለን ልጅቷን ለሞተ ሰው ጤና ስናስለምናት ኖረናል። ሮዛ ግን ብዙ አልወቀሱኝም። «ነገ ስንት ሰዓት እንምጣ?» ብቻ አሉ። «ፀሐይ ስትወጣ» አልኳቸው።

ማለዳ

ጽጌ ስትነሳ መጀመሪያ የምታደርገው መስኮት መክፈት ነው። ከፈተችው። ከታች ጠባቧ መንገድ ላይ ሴቶቹ ወንበራቸውን ግድግዳው ሥር ደርድረው በዝምታ ተቀምጠዋል። የቡና ቤቱ ባለቤት ኮፍያውን አውልቆ ቆሟል። አዳማ ያደገ ሰው ጎረቤት በማለዳ ደጁ ተሰብስቦ ካየ ሌላ ነገር እንዲነገረው አያስፈልግም። ዞራ አየችኝ።

«ማነው?» አለች።

«አባባ ነው» አልኩ።

ደረጃውን እየጮኸች ወረደች። ደረቷን ስትመታ ሴቶቹ ደነገጡ፤ እንዲህ ያለ ለቅሶ አይተው አያውቁም። ሮዛ ግን ተነስተው ከወገቧ ያዟት፣ ልክ እንደኛ ሰፈር ሴቶች። እኔም አባቴን በደንብ ያለቀስኩት ያን ጊዜ ነው።

ጋብ ሲልላት «መቼ?» አለችኝ። እውነቱን ነገርኳት። እስከ ማታ አላናገረችኝም። እውነቷን ነው።

አዳማ

ሻንጣዬን ሳላስቀምጥ እናቴ «ማን ያዛት?» አለች። ስለ ሮዛ ነገርኳት። ስለ ሻማውም ነገርኳት። «አጠፋን» አለች።

ሰው ሰብስቦ ማርዳቱን አልተውም፤ ደግ ልማድ መሆኑን ባዕድ አገር ሄጄ አይቻለሁ። ማቆየቱን ግን ሁለተኛ አላደርገውም። እናቴ አሁን በየእሁዱ ለሮዛ ጤና ጧፍ ታበራለች። እኔም ቅዳሜ ቅዳሜ ለጽጌ እየደወልኩ ሮዛ በሕይወት መኖራቸውን አረጋግጣለሁ።