ሐኒሽ የተባለችው ሚዛን

ባለፈው ዓርብ ዓሣ ልገዛ ወደ ሲኒማ ራስ ወረድኩ። ጉልበቴ ቁልቁለት አይወድም፤ ግን ለዚያ ዓሣ ቤት ስል እታገሰዋለሁ። ደጃፉ ላይ ሦስት ወጣቶች አንድ ስልክ ላይ ተደፍተው ይከራከራሉ። የሚያዩት ካርታ ነው። አንዱ ቀይ ባሕርን በጣቱ ሰፋ ጠበብ እያደረገ "ይሄ ድሮ የኛ ነበር" ይላል፤ ሌላው "እና ሂድ ውሰደዋ!" ይለዋል። ዓሣ ሻጩ ቅርፊት ይፍቃል። በመጨረሻ አንዱ ዞር አለና "ፋዘር፣ የባሕር ሰው ነህ ይባላል። እስቲ ዳኘን፤ ባሕሩ የማን ነው?" አለው። ሰውየው ቢላዋውን አስቀመጠ፣ እጁን በሽርጡ ጠረገና "ስንት ኪሎ ላድርግልህ?" አለው።

ልጆቹ ሳቁ። እኔ ግን አልሳቅኩም፤ ዓይኔ ባንኮኒው መሃል የተቀመጠችው አሮጌ ሚዛን ላይ ነበር። ዛሬ የሚመዘነው ቁጥር በሚያበራው አዲሱ ሚዛን ነው። ያቺ ግን ዝጋ፣ አንደኛው ሳህኗ ጎብጦም ከቦታዋ ንቅንቅ አላለችም። ስሟ ሐኒሽ ነው። ስሙን ያወጡላት የመርካቶ ተሸካሚዎች ናቸው፤ የወጣላት ቀን እኔም እዚያው ነበርኩ።

ያኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ውጤት አልመጣልኝም ነበር። እናቴ ጎጃም በረንዳ ቅቤና ማር ትነግድ ስለነበር፣ በተማርኩት ፊዚክስ ቅቤ አቀልጥ ጀመር። የምንኖርበት ግቢ ሦስት ቤትና አንድ ቧንቧ ነበረው። አንዱ ቤት የኛ ነው። ሁለተኛው የጋሽ ሳልህ ነው፤ አባታቸው ከየመን ባሕር ተሻግረው መጥተው መርካቶ ሱቅ የከፈቱ፣ እሳቸው ግን በአማርኛ ከኛ አብልጠው የሚቀልዱ ሰው ነበሩ። ሚስታቸው እትዬ ዘይነባ የስልጤ ሴት ናቸው፤ ሰዒድ የሚባል አንድ ልጅ አላቸው። በሦስተኛው ቤት የሚኖሩት ጋሽ ተክሌ አሰብ ተወልደው ያደጉ ኤርትራዊ ናቸው። ሚስታቸው ልጅ ሳይወልዱ ሞተውባቸዋል። ከጋሽ ሳልህ ጋር ዓሣ ቤቱን በሽርክና ይዘው፣ ለሰዒድ ዓሣ መበለት ያስተማሩት እሳቸው ናቸው። ልጁ በሁለቱ ቤት መሃል ስላደገ፣ ራቱን የት እንደበላ እናቱ እንኳ አያውቁም ነበር። ሁለቱም ሰዎች ሲጠሩት "ልጃችን" ነበር የሚሉት።

መርካቶ ውስጥ ጎረቤት ሁሉን ነገር ይካፈላል፤ ሥጋ ላይ ሲደርስ ግን የክርስቲያኑ ለክርስቲያን፣ የሙስሊሙ ለሙስሊም ነው። በሠርጉም በልቅሶውም ድስቱ ይለያል። ዓሣን ግን ማንም ባርኮ አያርደውም፤ ከውኃ ሲወጣ ለሁሉም ሆኖ ነው የሚወጣው። ስለዚህ ረቡዕና ዓርብ ሦስቱ ቤት ከአንድ ትሪ ይበላ ነበር። ከዘይት ገና የወጣ፣ ሎሚ የተጨመቀበት፣ በዳጣ እየተነከረ የሚበላ ዓሣ! የእናቴ ንስሐ አባት "በጾም ዓሣ ትበያለሽ አሉ" ብለው ሲቆጧት፣ "አባ፣ እኔ የምበላው ለጉርብትናው ብዬ ነው" ትላቸዋለች። ውሸቷን ነው፤ ዓሣ ነፍሷ ነበር።

ሰዒድ ዕድሜው ሃያን አለፍ ሲል ዓሣን በበረዶ ሳጥን ውስጥ ብቻ ማየት ሰለቸውና ሁዴዳ ወዳለው አጎቱ ሄደ። አጎቱ ጀልባ ነበረው። የሸኘነው ቀን ጋሽ ተክሌ የራሳቸውን ቢላዋ ሰጡት። "ሐኒሽ የሚባሉ ደሴቶች አሉ። እዚያ ዓሣው ብዙ ነው" አሉት። "ልጅ ሆኜ ከአባቴ ጋር አድሬባቸው አውቃለሁ። እኛም የመኖቹም በአንድ እሳት ነበር የምንጠብሰው።" ከዚያ በኋላ የልጁ ወሬ በአሰብ መኪና ሾፌሮች በኩል አልፎ አልፎ ይመጣል። ወፍሯል፣ ጠቁሯል፣ ዋና ለምዷል ይሉናል።

ከዚያ ኤርትራና የመን በእነዚያው ደሴቶች ተጣሉ። ወሩ ታኅሣሥ ነበር፤ መርካቶ በብርድ ትንፋሿ የሚታይበት ጊዜ። ዓሣ ቤቱ ውስጥ ሁለት ሬዲዮ ተከፈተ፤ የጋሽ ሳልህ በዓረብኛ፣ የጋሽ ተክሌ በትግርኛ ያወራል። በመጀመሪያ ሁለቱም የሰሙትን ለሌላው እየተረጎሙ ይስቁ ነበር። ተኩስ መኖሩ ሲሰማ ሳቁ ቀረ። አንድ ቀን ከሰዓት፣ እኔ እናቴ የላከችኝን ዓሣ እየጠበቅሁ ሳለ፣ ጋሽ ሳልህ "ደሴቶቹ ከጥንትም የኛ ናቸው" አሉ። ጋሽ ተክሌ ፊታቸው ተለዋወጠ።

"የናንተ ከሆኑ ልጅህን በጨለማ ምን ያስገባዋል? በሰው ባሕር የሚያጠምድ ሌባ ነው!"

ጋሽ ሳልህ ሬዲዮናቸውን አጠፉ። "ሌባ" መባሉ ብቻ አልነበረም ያመማቸው፤ "ልጅህ" መባሉም ጭምር ነው። እኔም ሰምቼ ደነገጥኩ። ጋሽ ሳልህ ዓሣዬን ሳይመዝኑ ሰጡኝ።

በማግስቱ ሱቁ በዓሣ ሳጥን ለሁለት ተከፍሎ ጠበቀን። በስተቀኝ ጋሽ ሳልህ፣ በስተግራ ጋሽ ተክሌ ቆመዋል። በሩን ተካፈሉ፣ ውኃውን ተካፈሉ፣ የበረዶ ሳጥኑን ተራ ገቡበት። ሚዛኗ ግን አንድ ናት፤ ወዲህም ወዲያም ብትሄድ ጠብ ስለሚሆን መሃል ድንበሩ ላይ ቀረች። አንዱ ሲመዝን ሌላው ፊቱን ያዞራል። የመርካቶ ተሸካሚ ደግሞ ለቀልድ ጊዜ አያጣም። "ዛሬ ሐኒሽን ማን ያዛት?" እያሉ ያልፋሉ። ሰፈሩ ሁሉ ሳቀ። እኔም ስቄአለሁ፤ የትሪው ዓሣ እንደቀረብኝ እስኪገባኝ ድረስ።

እትዬ ዘይነባ ግን አልሳቁም። ተኩሱ ከተሰማ ጀምሮ የሰዒድ ወሬ ጠፍቶ ነበር። የአሰብ ሾፌሮች ሲጠየቁ ትከሻቸውን ይነቀንቃሉ። እሳቸውም ዓሣ መቅመስ ተዉ። አንድ ቀን ቧንቧው ዘንድ ትልቅ የባሕር ዓሣ ሳጥብ አዩኝና እጄን ያዙኝ።

"ሆዱን አትክፈቺው፣ የሺ። በአላህ ይዤሻለሁ፣ እኔ እያለሁ አትክፈቺው።"

የፈሩት ነገር ሲገባኝ ዓሣውን እዚያው ጥዬው ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ለእናቴም ነገርኳት። እናቴ የሰውን ጠብ እንደ ራሷ ጉዳይ የምትቆጥር ሴት ነበረች። "እነዚህ ሁለት ሽማግሎች ባይጣሉ ይሄኔ ተክሌ አሰብ ሄዶ ልጁን ያፈላልግ ነበር። መታረቅ አለባቸው" አለችና ተነሳች።

ሽማግሌ መረጠች፤ የእድራችንን ዳኛ ጋሽ መንገሻንና ሐጂ ኑሪን። መርካቶ ሱቅ ከተከፈተ በኋላ ለእርቅ የሚቆም ሰው አይገኝም፤ ስለዚህ "ሳይነጋጋ በማለዳ እንሂድ" አለች። የተበደለው ቤት ቀድሞ ይኬዳልና ጉዞው ወደ ጋሽ ሳልህ ቤት ሆነ። ብርዱ ክፉ ስለነበር ሁለቱም ሽማግሎች ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው መጡ፤ እናቴም በነጠላዋ ተሸፋፍናለች። ሁሉም ነገር በቅንነት የተደረገ ነው። ማናችንም ራሳችንን ከውጭ አላየነውም።

እትዬ ዘይነባ ለሶላት ተነስተው ኖሮ ማንቆርቆሪያ እንደያዙ በሩን ከፈቱ። በዚያ ሰዓት፣ ተከናንበው፣ ድምፅ ሳያሰሙ የቆሙ ሰዎች አዩ፤ ከፊት ደግሞ የእድሩ ዳኛ። በኛ አገር መርዶ የሚመጣው እንደዚያ ነው። ማንቆርቆሪያው ወደቀ።

"ወየው ሰዒዴ! ወየው ልጄን!"

የባሰው ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። ጋሽ መንገሻ ዕድሜ ልካቸውን መርዶ ያረዱ ሰው ናቸው፤ እናት ስትጮህ ክንዷን መያዝ ለምዶባቸዋል። ሳያስቡት ያዟቸውና "አይዞሽ፣ እግዜር ያጥናሽ" አሉ። ከዚያ በኋላ ማን ይሰማል! ጋሽ ሳልህ ከቤት ወጥተው ግድግዳ ተደግፈው ቀሩ። ጎረቤቱ እየጮኸ በበራችን ጎረፈ። እኔም "መቼ ሰሙ?" ሳልል ደረቴን እየመታሁ አለቅስ ነበር፤ የእርቁን ጉዳይ ከማንም በፊት የማውቀው እኔ!

የጋሽ ተክሌ በር ተበረገደ። በባዶ እግራቸው፣ በካናቴራ ነበሩ። ግቢውን አቋርጠው ጋሽ ሳልህ እግር ሥር ተደፉ።

"ልጃችንን በአፌ ገደልኩት! ሳልህ፣ ልጃችንን በአፌ ገደልኩት!"

ጋሽ ሳልህ ጎንበስ ብለው አነሷቸው። አቅም ስላልነበራቸው ግን እሳቸውም አብረው ቁጭ አሉ። ሁለቱ ሸሪኮች እርጥብ ሲሚንቶ ላይ ተቃቅፈው እንደ ሕፃን ያለቅሱ ጀመር። እናቴ በዚያ ሁሉ ጫጫታ መሃል "ኧረ ማንም አልሞተም! ለእርቅ ነው የመጣነው!" ትላለች፤ የሚሰማት የለም። በመጨረሻ የተገለበጠ የዓሣ ሳጥን ላይ ወጥታ በጎጃም በረንዳ የገበያ ድምጿ ስትጮህ ግቢው ጸጥ አለ። አንዳንዱ እንባውን ጠረገ፣ አንዳንዱ ሊስቅ ቃጣው።

እትዬ ዘይነባ ቀስ ብለው ተነሱ። ሁላችንንም አንድ በአንድ አዩን።

"አልሞተም?"

"አልሞተም፣ እትዬ ዘይነባ። እኛ ለእርቅ ነው…" አሉ ሐጂ ኑሪ።

"ታዲያ ሕያው ነው በሉኛ።"

ማንም አላላቸውም። ሁሉም መሬት መሬት አየ። የቧንቧው ጠብታ ሲወድቅ ይሰማ ነበር። ሞቷል ማለት ቀላል ነበር፤ በስህተትም ብለነዋል። ሕያው ነው ለማለት ግን ልጁን ያየ ሰው ያስፈልጋል። ያን ጸጥታ ከዚያ ጩኸት ይልቅ እፈራዋለሁ፤ እስካሁንም ሌሊት ያባንነኛል።

"እኔ አይቼ መጥቼ እልሻለሁ" አሉ ጋሽ ተክሌ፤ በዚያው ዕለት በአሰብ መኪና ጋቢና ሄዱ።

ብዙ ቆዩ። እስከዚያው ጋሽ ሳልህ የሱቁን ሳጥን አነሱ፤ ሚዛኗን ግን "እሱ ሳይመጣ አላንቀሳቅሳትም" አሉ። ጥምቀት አልፎ አንድ ከሰዓት ጋሽ ተክሌ በግቢው በር ገቡ። ከኋላቸው አጥንቱ የወጣ፣ ከንፈሩ የተሰነጣጠቀ ሰዒድ ነበር። ተኩሱ ሲጀመር ጀልባቸው ነዳጅ ጨርሳ ስትንሳፈፍ የአፋር አጥማጆች አግኝተው ወደ መንደራቸው ወሰዷቸው። አጥማጆቹ የየትኛው አገር እንደሆነ አልጠየቁትም አለን፤ ዓሣ መበለት ይችል እንደሆነ ብቻ ነው የጠየቁት። ጋሽ ተክሌ መንደር ለመንደር ሲዞሩ ያገኙት የገዛ ቢላዋቸውን ይዞ ሲበልት ነው። የዚያን ቀን ዓርብ ባይሆንም ትሪው ወጣ።

እዚህ ላይ ባበቃ ደስ ባለኝ። ከጥቂት ዓመት በኋላ ግን ሌላ ጠብ መጣ፤ አሁን የተጣሉት የኛው አገርና የጋሽ ተክሌ አገር ነበሩ። አንድ ማለዳ የግቢው በር ተንኳኳ። ከመጡት መሃል ጋቢ የለበሰ አልነበረም። ጋሽ ተክሌ ወደ ኤርትራ ሊባረሩ አንድ ሻንጣ ይዘው ወጡ። ጋሽ ሳልህ "ዋሱ እኔ ነኝ" እያሉ እስከ አስፋልቱ ተከተሏቸው፤ የሰማቸው የለም። ቆይቶ የእነዚያ ደሴቶች ክርክር በዳኞች ታየ። አብዛኞቹ ለየመን ተፈረዱ፣ የሁለቱም አገር አጥማጆች ግን እንደ ጥንቱ እንዲያጠምዱ ተባለ አሉ። ጋሽ ተክሌ ከግቢያችን ሳይወጡ ሊነግሩን ይችሉ የነበረ ነገር ነው። ዛሬ ጋሽ ሳልህም እትዬ ዘይነባም እናቴም የሉም።

ዓሣ ሻጩ ዓሣዬን ጠቅልሎ ሰጠኝ። ጸጉሩ ነጭ ሆኗል፤ ቢላዋው ግን ያው ነው፣ ከመሳል ብዛት ቀጥኖ። ሰዒድ ዓርብ በመጣሁ ቁጥር የሚጠይቀኝን ጠየቀኝ።

"የሺ፣ የአሰብ ሰው አላጋጠመሽም?"

"አላጋጠመኝም።"

ከኤርትራ ጋር ስልክ ተከፍቶ በነበረ ጊዜ ደጋግሞ ደውሏል፤ ማንም አላነሳለትም። ሚዛኗን በጨርቅ ጠረጋትና መሃል ላይ መልሶ አስቀመጣት።

"ሕያው ነው በይኛ" አለኝ፣ ልክ እንደ እናቱ።

ዕድሜ ሰጥቶኝ ብዙ ነገር መመለስ ተምሬአለሁ፤ ይቺን ግን አልተማርኩም። መሬት መሬት አየሁ። ከዚያ ዓሣዬን ይዤ ወጣሁ፤ ልጆቹ አሁንም ደጃፉ ላይ ባሕሩን እየተካፈሉ ነበር።