የቂርቆስ እንቅልፍ ጥናት

እኔ ያልደረስኩበት የሳይንስ ዘርፍ ካለ ገና አልተፈጠረም ማለት ነው። የዶሮ በሽታ፣ የሞባይል ባንክ፣ የመምህራን ተነሳሽነት፣ የኩላሊት ጠጠር፣ የሲሚንቶ ጥራት፣ የሆቴል ገበያ፤ ሁሉንም አውቃለሁ። ማለቴ፣ ሁሉንም ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ መልሻለሁ። ካዛንቺስ፣ አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ውስጥ፣ ከማሽኖቹ ጀርባ እግር የማታስዘረጋ ጥግ ነበረችኝ። ማስተርሳቸውን የሚሠሩ ሰዎች መጠይቃቸውን ይዘው ይመጣሉ፣ እኔ አማርኛ አደርግላቸዋለሁ፣ እነሱ ደግሞ በየሰፈሩ ዞረው ሕዝቡን ይጠይቃሉ። ጽፈው ሲጨርሱም ቋንቋውን እንዳቃናላቸው ይመለሳሉ። የሁሉንም መጨረሻ አንብቤያለሁ። ዶሮም ይሁን ኩላሊት፣ «ተጨማሪ ጥናት ያስፈልጋል» ብሎ ነው የሚያልቀው። ሚስቴም ስለ እኔ የደረሰችበት ድምዳሜ እሱው ነው።

የፎቶ ኮፒ ማሽን ድምፅ ያስተኛል። ሙቀቱ ከጀርባ ይመጣል፣ ብርሃኑ በክዳኑ ሥር ወዲያ ወዲህ ይመላለሳል፣ ሰውም ዓይኑን ሳይከድን ወደ ሌላ አገር ይሄዳል። ከሰዓት በኋላ እርሳሴን እንደያዝኩ ዶሮዎች ወረፋ ይዘው በሞባይል ብር ሲልኩ አያለሁ። አንድ ጊዜ የኩላሊት ጠጠሮች ተሰብስበው ስለ ደመወዝ ጭማሪ ሲነጋገሩ ሰምቼ፣ የሰማሁትን ሁሉ መዝግቤ ላስረክብ ትንሽ ነበር የቀረኝ። የካዛንቺስ ቤቶች ፈርሰው ማሽኖቹ ወደ ኡራኤል ሲጫኑ እኔም ከነጥጌ ተጫንኩ። ቦታው ተለወጠ እንጂ ሕልሙ አልተለወጠም።

ሲስተር የመጣችው ከዚያ በኋላ ነው። ቂርቆስ አካባቢ ጤና ጣቢያ ውስጥ ነርስ ናት፣ ስለዚህ እኛ ሁላችን ሲስተር እንላታለን። ማስተርሷን የምትሠራበት ርዕስ የአረጋውያን እንቅልፍ ነበር። ለግፊት ክኒን የሚመጡ ሽማግሌዎችና ባልቴቶች ወንበሩ ላይ ተራቸውን ሲጠብቁ እያንቀላፉ ስማቸው ሲጠራ አይሰሙም፤ ቀን እንዲህ የሚተኙት ሌሊት ምን ሆነው ነው የሚል ነገር ከነከናት። የትምህርት ፈቃዷ የሚያልቀው ከሴሚስተሩ ጋር ነው። በዚያ ካልጨረሰች ያለ ዲግሪ ወደ መርፌዋ ትመለሳለች፣ ሁለተኛ ዕድል የለም። ይህንን ስትነግረኝ እንኳ አልተጨነቀችም። «ጋሼ፣ እርስዎ ብቻ አሳምረው ይተርጉሙልኝ፣ የቀረው ቀላል ነው» አለችኝ። እኔም ሳቅሁ፤ ከትርጉም በኋላ የሚቀር ነገር ቀላል ሆኖ አያውቅም።

የመጀመሪያዋ ጥያቄ ሰውየው ባለፈው ሌሊት እንዴት እንደተኛ የምትጠይቅ ናት። እኔም «ባለፈው ሌሊት እንዴት አደሩ?» አልኳት። ከሥሯ ምርጫ አለ፤ በጣም ደህና፣ ደህና፣ መካከለኛ፣ ደህና አይደለም። ደህና ያለ ሰው የመሃሉን ጥያቄ ሁሉ ዘሎ ወደ መጨረሻው ገጽ ይሄዳል፤ እንቅልፍ ያለውን ሰው ስለ እንቅልፍ ማጣት ምን ብሎ ማድከም ያስፈልጋል? ይህ ሥራ ደግሞ አንድ ሕግ አለው። እንግሊዝኛውን ያላየ ሌላ ተርጓሚ የእኔን አማርኛ መልሶ እንግሊዝኛ ያደርገዋል፤ ሁለቱ እንግሊዝኛዎች ከገጠሙ መንገድ ላይ የጠፋ ነገር የለም ማለት ነው። ያ ሰው መልሶ ያመጣው እንግሊዝኛ አንድ ፀጉር አልጎደለበትም። አማካሪዋ አዩት፣ ኮሚቴው አየው፣ ማኅተም ተመታበት። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ተመስግኜ አላውቅም፤ በቃ፣ ሐውልት ብቻ ነው የቀረኝ።

ሲስተር ጃንጥላዋን ይዛ ቂርቆስ መንደር ውስጥ ገባች። ሥራው እንደ ውሃ ፈሰሰላት። ሰዉ በር ድረስ ወጥቶ ይቀበላታል፣ ይመልሳል፣ ይመርቃታል፣ ውሃም ካልጠጣሽ ይላታል። ውጤቱን በሰንጠረዥ አድርጋ ስታሳየኝ እኔ ራሴ ቀናሁ። ቂርቆስ ተኝታለች። ቆርቆሮ ከቆርቆሮ ተደጋግፎ፣ ሽማግሌው ከባልቴቷ፣ ድመቷ ከውሻው፣ መንደሩ በሙሉ እንደ ሕፃን ትንፋሹን ይስባል። የሚያንኮራፋ እንኳ የለም። እንዲህ ያለ እንቅልፍ ተኝታ የምታውቅ ከተማ በምድር ላይ የለችም፤ ብትኖር ኖሮ አውሮፕላን በላይዋ ሲያልፍ በጫፍ እግሩ ነበር የሚሄደው።

አማካሪዋ ግን አልቀኑም። ሰንጠረዡን አይተው መነጽራቸውን አወለቁ አሉ። ከዚያ «ወይ ቂርቆስ ገነት ውስጥ ነው፣ ወይ ደግሞ ወረቀቱን ወሎ ሰፈር ካፌ ቁጭ ብለሽ ራስሽ ሞልተሽዋል» አሏት። ሁለተኛው ነገር እውነት ሆኖ ከተገኘ ዲግሪው ብቻ አይደለም የሚሄደው፤ «ውሸት የጻፈች» የሚል ስም ተከትሏት ጤና ጣቢያ ድረስ ይገባል።

ከእሳቸው ቢሮ ቀጥታ ወደ እኔ ጥግ መጣች። ላፕቶፑን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው ማለት አልችልም፤ ጣለችው።

«አንተ» አለችኝ። እስከዚያ ቀን ድረስ «እርስዎ» ነበርኩ። አንድ ሰው በአንድ አፍታ ይህን ያህል ሊያንስ እንደሚችል አላውቅም ነበር። «አንተ፣ ይህችን ጥያቄ እንዴት አድርገህ ነው የተረጎምካት?»

«እንደተጻፈችው ነዋ።»

«እሺ፣ ላንብብልህ።» ወረቀቱን ወደ ዓይኗ አስጠጋች። «ባለፈው ሌሊት እንዴት አደሩ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን» አልኳት። «አንቺስ እንዴት አደርሽ?»

«ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን።»

ከጀርባዬ ማሽኑ ወረቀት መትፋቱን ቀጠለ። እኔ ያን ሌሊት፣ ሰፈራችን ውስጥ ፎቅ የሚሠሩ ሰዎች ሲሚንቶ ሲያቦኩ ስለሚያድሩ፣ ዓይኔን አልከደንኩም ነበር። የእሷም ዓይን በርበሬ መስሏል። እኔ እንኳ በሙያዬ በጥያቄ ነው የምኖረው፤ እሷ ደግሞ ጥያቄውን ራሷ ይዛ ነው የጠየቀችኝ። ሁለታችንም በጣም ደህና አድረን ወደ መጨረሻው ገጽ ዘለልን።

ቀስ ብላ ወንበሩ ላይ ተቀመጠችና መሳቅ ጀመረች፤ ሳቁ መሃል ላይ ሌላ ነገር ሆነ። እኔ ለአማካሪሽ ሄጄ ልንገርልሽ አልኳት። እሷ ግን ተርጓሚውና ተማሪዋ ተመካከሩ ነው የሚሉት አለችኝ። ከሁሉም ደጃፍ እንደገና መቆም አለባት፣ ሴሚስተሩ ደግሞ ቆሞ አይጠብቃትም። በማግስቱ ጃንጥላ ያዥ ሆኜ ተከተልኳት።

ጥያቄውን ለዋወጥነው። እንቅልፍ ይወስድዎታል ወይ አልን፤ ለፈጣሪ ምን ይሳነዋል፣ ይወስደኛል ተባልን። ሌሊት የሚያስቸግርዎ ነገር አለ ወይ አልን፤ ችግር የሌለበት ማን አለ፣ ተመስገን ነው ተባልን። የእኛ ሰው በር ላይ ለቆመ እንግዳ ማማረር ነውር ነው የሚለው። በዚያ ላይ አምላኩ እየሰማ ነው፤ ለአንዲት ነርስ ወረቀት ብሎ ምስጋናውን አያጎድልም። በየበሩ የምስጋና አጥር ታጥሯል፣ በአጥሩ ላይ ደግሞ ምርቃት እንደ ሐረግ ተጠምጥሟል። ሰው እንዴት ብሎ ያልፈዋል?

እማማ ቤት ስንደርስ ሲስተር ደክማ ነበር። እማማ ዕድሜያቸውን ካዛንቺስ ኖረው፣ ቤታቸው ሲፈርስ ልጃቸው ዘንድ ቂርቆስ የገቡ ባልቴት ናቸው። በመጀመሪያው ዙር «በጣም ደህና» ካሉት አንዷ ናቸው። አሁንም ያንኑ መለሱ። ሲስተር እስክሪብቶዋን ከደነች፣ ወረቀቱን ጭኗ ላይ ገለበጠችው፣ ለእሳቸውም ሳይሆን ለራሷ በሚመስል ድምፅ፣ «እኔ እንኳ እማማ፣ እንቅልፍ ካየሁ ቆየሁ። ትንሽ ሸለብ ሲያደርገኝ ደግሞ ያው ሕልም ነው» አለች።

እማማ ወንበራቸውን ጠጋ አደረጉ። «ታዲያ እንዲያ አትይም ልጄ? ምን አየሽ?»

ወረቀት ሲዘንብ አየሁ አለቻቸው። እሳቸውም ለበጎ ያድርግልሽ ብለው፣ ሳይጠየቁ የራሳቸውን ጀመሩ። ዓይናቸው ሲከደን ካዛንቺስ ናቸው። ግቢያቸው ውስጥ ቆመዋል፣ የቆርቆሮ በራቸው ገርበብ ብሏል። ሊዘጉት ይሄዳሉ፤ በሩ እሳቸው ሲጠጉት ይርቃል፣ ግቢው ይረዝማል፣ ጎረቤት ሁሉ በየደጁ ቁጭ ብሎ ሰላም ይላቸዋል፣ ለሁሉም መልስ እየሰጡ ሲሄዱ ሳይደርሱ ይነቃሉ። ከዚያ በኋላ እንቅልፍ የለም። የቂርቆስ ቅዳሴ በድምፅ ማጉያ እስኪጀመር ጣራ ሲያዩ ያድራሉ።

«አሁን በሩ የለም፣ አውቃለሁ። ግን ክፍት ነው» አሉን።

መጠይቁ ላይ የእንቅልፍ ማጣት ምክንያቶች ተደርድረዋል፤ ሕመም፣ ጫጫታ፣ ሐሳብ፣ መድኃኒት። በር የሚል የለም። እማማ «ሌላ» በሚለው ሥር ገቡ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሲስተር የመጀመሪያዋን ጥያቄ ለወጠቻት፤ «ሰሞኑን ምን ሕልም አዩ?» ሆነች። የምስጋናው አጥር በራሱ ተከፈተ። ስለ ሕልም ማውራት ማማረር አይደለም፣ ማንም አያፍርም። ያየ አየሁ ይላል፣ መች ነቁ ሲባል ሰዓቱን ይናገራል፣ ከዚያ በኋላስ ሲባል የሌሊቱን ሆድ ዘርግፎ ያሳያል። አንድ ጡረታ የወጡ ባለሥልጣን ሌሊቱን ሙሉ ማኅተም ሲመቱ አድረው ክንዳቸው ያልተነሳላቸው ነበሩ። ሌላው «ሕልም ለማየት'ኮ መጀመሪያ መተኛት ያሻል» ብለው እኔን ገላመጡኝ፣ ጥያቄውን የጠየቅሁ ይመስል።

ማታ ማታ በአዲሱ የካዛንቺስ መንገድ ስንመለስ መብራቱ አስፋልቱን ወንዝ አስመስሎታል፤ ሰዎች በላዩ የሚንሳፈፉ ይመስላሉ። የያዝኩት ቦርሳ ወረቀት ብቻ ነው፣ ግን ይከብዳል። በዚያ ቦርሳ ውስጥ ሰፈሩ በሙሉ ነበር። የፈረሰው ካዛንቺስ ሌሊት ሌሊት ይሠራል፤ ቂርቆስ የተኙ ሰዎች ግድግዳውን አንድ በአንድ ያቆማሉ፣ ጣራውን ይመታሉ፣ ውሻውን ይጠራሉ፣ ሲነጋ ደግሞ ያለ ካሣ ይፈርሳል። ይህንን ለሲስተር ነገርኳት። ምዕራፍ አራት ውስጥ እንዳልጨምረው አስጠነቀቀችኝ።

አማካሪዋ አዲሱን ሰንጠረዥ ሲያዩ መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ አሉ። ግን ቀላል አልነበሩም፤ ይሄ የሕክምና ጥናት ነው ወይስ የሕልም ፈቺ ቤት ብለው ጠየቁ። የመጀመሪያውንም ውጤት እንድትጥለው መከሯት። እሷ ግን አልጣለችውም። ሁለቱንም ጎን ለጎን አስቀመጠቻቸው።

ጥናቷን በፈታኞች ፊት በምትከላከልበት በዲፌንሷ ቀን ጠራችኝ፣ እኔም ክራባት አሰርኩ። ኮሌጁ ከባንክ በላይ፣ ከጂም በታች ያለ ፎቅ ላይ ነው። የውጭ ፈታኙ ኮስታራ ሰው ነበሩ፤ ሳል እንኳ የሚስሉት በቁጥር ነው። ሁለቱን ሰንጠረዦች ካነፃፀሩ በኋላ፣ ተመሳሳይ ሰዎች በአንድ ሴሚስተር ውስጥ ሁለት የተለያየ ነገር ከተናገሩ የቱ ጊዜ ላይ ነው የዋሹሽ ብለው ጠየቋት።

«ሰዎቹ አልዋሹም» አለች ሲስተር። «መጀመሪያ ሰላምታ ሰጠናቸው፣ እነሱም ሰላምታ መለሱ። ጥያቄ የጠየቅናቸው በኋላ ነው።»

ፈታኙ ጻፉ። ምን እንደጻፉ ከክራባቴ ጋር ሆኜ አንገቴን ባስረዝምም አላየሁም። ከዚያ ለውሳኔ ውጡልን ተባልን።

ኮሪደሩ ላይ አንዲት አግዳሚ ወንበር አለች። ሲስተር ተቀመጠች፣ ራሷን ግድግዳው ላይ አስደገፈች። ላጽናናት ብዬ አንድ ቀልድ ጀመርኩ፤ መሃል ላይ ሳልደርስ ትንፋሿ ረዘመ። ተኝታለች። ፋይሏ ከጭኗ ሲንሸራተት ያዝኩት። ፊቷ ላይ ሴሚስተር የለም፣ ፈታኝ የለም። ጸጥ ባለ ውሃ ላይ እንደተለቀቀች ጀልባ ናት።

በሩ ተከፈተ። የውጭ ፈታኙ ውሳኔውን ሊነግሯት ወጥተው አዩዋት፣ ቆሙ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው ያልተኛችው?» አሉኝ።

«ጥናቱ ከተጀመረ ጀምሮ ነው።»

ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። ማለፏን፣ የምታስተካክለው ነገር እንዳለ፣ ጥያቄዋን ግን ማንም እንዳይነካባት ነገሩኝ። ከዚያ የውስጥ ፈታኞቹን በምልክት ጠርተው፣ ሁሉም ጫማቸውን ሳያሰሙ በፊታችን አለፉ። እሳቸው ደረጃው ላይ ሲደርሱ ዞር ብለው «አትቀስቅሳት» አሉኝ።

ከላይ፣ ጂሙ ውስጥ፣ አንድ ጎረምሳ ክብደቱን መሬት ላይ ለቀቀው፣ ጣራው ተንቀጠቀጠ። ሲስተር ቅንድቧን ሰበሰበች። ፋይሏን ከጎኗ አስቀምጬ ደረጃውን ወጣሁና፣ ክንዳቸው የእኔን ወገብ ለሚያህል ልጆች ብረቱን ቀስ አድርጋችሁ አስቀምጡ፣ ከታች ጥናት እየተካሄደ ነው አልኳቸው።