ብቻውን የሚዋጥ ካፕሱል

ክልሉ ገና ክልል የሆነበት ሰሞን ነው። ጋምቤላ ከተማ ውስጥ በየቢሮው በር ላይ የተሰቀለው ሰሌዳ ቀለሙ አልደረቀም፤ ወንበሩም ከላስቲኩ አልወጣም። እኛ የነርስ ተማሪዎቹም እንደዚያው አዲስ ነበርን። ነጭ ጋወን ለብሰን ስንወጣ ከተማው ሁሉ «ዶክተር» ይለናል፤ እኛም «አይደለንም» አንልም።

ከሁሉም የባስኩት እኔ ነበርኩ። ከደጋ የመጣሁ፣ አንድ ነገር ካወቅኩ ሳልናገር የማላድር ልጅ ነኝ። ስለ አንቲባዮቲክ የተማርነውን እንደ ዳዊት እደግመው ነበር። ባክቴሪያን ይገድላል እንጂ ቫይረስን አይነካም፤ ጉንፋን የያዘው ሰው ቢውጠው ትርፉ ሆድ ማበላሸት ነው፤ የጀመረው ሰው ደግሞ «ሻል አለኝ» ብሎ ካቋረጠ ደካሞቹ ባክቴሪያዎች ይሞቱና ብርቱዎቹ ይቀራሉ። ይህን የምግብ ሰልፍ ላይ ሳይቀር እሰብካለሁ። በዚያው ወር ግን ቶንሲሌ ሲያብጥ የታዘዘልኝን አንቲባዮቲክ በሦስተኛው ቀን አቁሜ፣ የተረፈውን «ለክፉ ቀን» ብዬ በሻይ ቅጠል ቆርቆሮ ውስጥ፣ ሻንጣዬ ግርጌ ደብቄ ነበር። ይህንን ለማንም አልሰበክሁም።

ለቤት ለቤት ልምምድ ለእያንዳንዳችን አንድ ታካሚ ተሰጠን። የእኔዋ ገበያ ውስጥ ዓሣ የሚሸጡ እናት ነበሩ። የዓሣ እሾህ እግራቸውን ወግቶ፣ ቁስሉ መግል ቋጥሮ፣ እብጠቱ ቁርጭምጭሚት ደርሷል። ክሎክሳሲሊን የሚባል አንቲባዮቲክ በቀን አራት ጊዜ ለሰባት ቀን ታዘዘላቸው። ሁላችንም የምንፈራት መምህራችን ሲስተር ለብቻዬ ጠርታ፣ «እብጠቱ ወደ ላይ ከወጣ ሆስፒታል ይተኛሉ። እግራቸውም ያሰጋል» አለችኝ።

ሄጄ አስተማርኳቸው። ባክቴሪያ ወረቀት ላይ ሳልኩላቸው፤ ባቄላ ነበር የሚመስለው። ሰዓቱን በፀሐይ አስረዳኋቸው። «ገባዎት?» ስላቸው ያልኩትን አንድ በአንድ መለሱልኝ። ደረቴን ነፍቼ ተመለስኩ።

በሦስተኛው ቀን ስሄድ እግሩ ብሶበታል፤ ካፕሱሉ የነበረበት ፖስታ ባዶ ነው።

«እማማ፣ መድኃኒቱ የት ሄደ?»

«አለቀ። ጥሩ መድኃኒት ነው። ሁላችን በላን።»

ሁላችን ያሉት እዚያው ጥላ ሥር ተቀምጧል፦ ሳል የያዛት ምራታቸው፣ ጀርባውን የሚያመው የባላቸው ወንድም፣ ከኢታንግ የመጡ ሁለት እንግዶች፣ እንዲሁም ምንም ያላመማት፣ ግን ሲሰጧት እምቢ ማለት ነውር የሆነባት ጎረቤት። እኔ ሰባት ቀን ያልኩትን ቤቱ ሙሉ ሰው በሁለት ቀን ጨርሶታል።

ጮህኩ። «የጀርባ ሕመም ባክቴሪያ አይደለም!» አልኩት ሰውየውን።

«እኔ ግን ተሻለኝ» አለ ፈገግ ብሎ።

ወደ እማማ ዞሬ ደግሞ ጮህኩ። እማማ ግን አልተቆጡም።

«አንቺ ልጅ፣ ሰው ቤት ቁጭ ብሎ እኔ ብቻዬን መብላት? እንዴት? ያንቺ አገር እንደዚህ ነው?»

የእኔ አገርማ የሚለው «ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል» ነው።

ለሲስተር ስነግራት ትገድለኛለች ብዬ ነበር። መጀመሪያ የጠየቀችኝ ከተካፈሉት ሰዎች ሰውነቱን ያሳከከው ወይም ትንፋሽ ያጠረው እንዳለ ነው። አልጠየቅኩም። «ከማን ጋር እንደሚበሉስ ጠይቀሻል?» አለች። እሱንም አልጠየቅኩም። «ታዲያ ምኑን አስተማርሽው?» ብላ አብራኝ መጣች፤ የተካፈሉትን ሁሉ አይታ፣ ቁስሉን ከፍታ መግሉን አፈሰሰች። ሌላ ሃያ ስምንት ካፕሱል ሰጠችኝና «ይሄም ከተበላ ሆስፒታል ይዘሻቸው የምትሄጅው አንቺ ነሽ» ብላኝ ሄደች።

እንደ ሽማግሌ ተቀመጥን። እኔ የባቄላውን ሥዕል አውጥቼ «ካልጨረሱት ብርቱው ይቀራል፤ እርስዎ ብቻ» እላለሁ፤ እሳቸው «ተደብቄ አልበላም» ይላሉ። በመጨረሻ ጀርባውን የሚያመው ሰውዬ ጉሮሮውን ጠረገ።

«እኛ እንያዝ፣ እሷ ትዋጥ። ውሃ ሁላችን እንጠጣ።»

የጠዋቱን እሱ ያዘ፤ የቀትሩን ምራትየዋ፣ የማታውን ጎረቤትየዋ፣ የመኝታውን እንግዶቹ። እንግዶቹ ለዚሁ ሲሉ መሄጃቸውን አራዘሙ። እኔ አብደናል ብዬ ነበር፤ የአንዲት ሴት እግር በአምስት ሰው ኪስ ውስጥ! በእውነት ፈርቼ ነበር። ሆኖም ሰዓቱ ሲደርስ ባለተራው ካፕሱሉን በወረቀት ጠቅልሎ ይመጣል፣ በእማማ መዳፍ ላይ ያስቀምጣል፣ ሲውጡ አፍጥጦ ያያል፤ ከዚያ የውሃው ቅል ይዞራል። ጀርባው የሚያመው ሰውዬ ሰዓት የለውም፤ ግን ወፍ ሳይንጫጫ ደርሶ ይቀሰቅሳቸዋል። በአምስተኛው ቀን እብጠቱ ጎደለ። በሰባተኛው እማማ «ገበያ ካልሄድኩ» ብለው ተጣሉኝ።

በዚያው ሳምንት እኔ ተኛሁ። ቶንሲሌ ተመልሶ መጥቶ ምራቅ መዋጥ አቃተኝ። እማማ ሰምተው ኖሮ የባላቸውን ወንድም አስከትለው ዶርም ድረስ መጡ።

«መድኃኒት አልሰጡሽም?»

መዋሸት አፈርኩና ቆርቆሮውን ከሻንጣው ሥር አወጣሁ። ሰውየው ከፈተና ወደ ውስጥ አየ።

«ብርቱው ባቄላ ቀረ» አለ። ሁለቱም እስኪያለቅሱ ሳቁብኝ።

ሳቃቸው ሲያልቅ እማማ ግንባሬን ዳሰሱ። «ያንቺ ጥፋት አይደለም» አሉ። «ብቻሽን ነሽ። ማን ይያዝልሽ?»

አገሬን ለቅቄ ከመጣሁ ወዲህ እንዲህ ያለኝ ሰው አልነበረም። አለቀስኩ፤ ጉሮሮዬም የባሰ አመመኝ።

ሲስተር ቆርቆሮውን ወሰደችና አዲስ መድኃኒት እንዲታዘዝልኝ አደረገች። ፖስታውን ግን ለእኔ አልሰጠችም፤ ለእማማ ሰጠቻቸው። በየቀኑ እየተፈራረቁ መጡልኝ፣ እማማ ዓሣ ዓሣ እየሸተቱ። የመጨረሻዋን ካፕሱል ያመጡልኝ ቀን ምራትየዋና ጎረቤትየዋም ሳይቀሩ አራት ሆነው አልጋዬን ከበቡ። መዳፌ ላይ አስቀመጡልኝ፣ አፍጥጠው እያዩኝ ዋጥኩ፤ ከዚያ ውሃውን አብረን ጠጣን።