ታጥፎ የተሰፋው ጃንጥላ፦ ከወግዲ እስከ መካነ ሰላም

ንጋት፣ ወግዲ መናኸሪያ

ሳይነጋ ደርሼ እጠብቃለሁ፤ ሚኒባሱ ግን ንቅንቅ አይልም። ዓሊ ሹፌርም፣ ረዳትም፣ ሽንኩርት ነጋዴም ስለሆነ ከመንገደኛው በፊት ሽንኩርቱን ይጭናል። እኔ ደግሞ ከስድስት ሰዓት በፊት መካነ ሰላም ካልገባሁ ጃንጥላ ሰፊው ጋሽ ተገኘ የሥራ ቦታውን ለሌላ ይሰጡታል። በስልክ ያሉኝ አጭር ነው፦ የቤተ ክርስቲያን ጃንጥላ ዘርፍ ብቻ ትሰፊያለሽ፣ ሌላ አትነኪም።

አሥራ ሁለተኛን ከጨረስኩ ወዲህ ዩኒፎርም ሰፍቻለሁ፣ ሹሩባ ሠርቻለሁ፣ የሞባይል ስክሪን ቀይሬያለሁ፣ የሠርግ ፎቶ አንስቻለሁ። ሙያሽ ምንድን ነው ሲሉኝ ገና መዘርዘር ስጀምር ሰው ይስቃል። ሰልችቶኛል። ሥራውን እፈልገዋለሁ፤ «ብቻ» የምትለዋ ቃል ግን ከአሁኑ አንገብግባኛለች።

ከጎኔ የተቀመጡት የኔታ፣ የአቋቋም መምህር ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ከበሮና ጸናጽል ሲያስተምሩ ኖረዋል። ለነገው ንግሥ የሚወጣውን ጃንጥላ፣ ዙሪያው ላይ የሚንጠለጠለው ዘርፉ ትንሽ ላላ ስላለ፣ እዚያው ጋሽ ተገኘ ዘንድ ይዘው ይሄዳሉ። ዓሊ ተቀብሎ ሽንኩርቱ ሥር ከተተው። ይበላሻል አልኩት።

«አብሽሪ እህቴ፣ ጃንጥላ ሽንኩርት አይፈራም።»

ረፋድ፣ ገደል አፋፍ ላይ

አቧራ፣ ጠጠር፣ ዳገት። ሞተሩ ፈላና ወረድን። ከበላያችን ጭላዳዎች ቁጭ ብለው ሳር ይነጫሉ፤ ቀና ብሎ ያየን እንኳ የለም። ከታች ገብስ ማሳ ውስጥ ደግሞ ገበሬዎች ዝንጀሮ በወንጭፍ ያባርራሉ።

«አየሽ ልጄ» አሉኝ የኔታ፣ «ጭላዳ ሳሩን ይዞ ይኖራል፣ ማን ይነካዋል? ዝንጀሮ ገብስም ድንችም ሲል ይኸው ይወገራል።»

ሥራዎቼን በመንገድ ላይ ነግሬያቸው ስለነበር ነገሩ ለእኔ መሆኑ ገብቶኛል። ሳሩ የታረሰ ለት ጭላዳው ምን ሊሆን ነው አልኳቸው።

«ያን ጊዜ ዝንጀሮን ያማክራል» ብለው ሳቁ።

ሳቃቸው ግን ዓሊ ጃንጥላውን ከሽንኩርቱ ሥር ሲያወጣው ጠፋ። ግማሹ ዘርፍ ተቦጭቆ ተንጠልጥሏል። መርፌና ክር ከቦርሳዬ አይጠፋም፤ ነፋሱ አላስከፍት ስላለ እንደታጠፈ ጭኔ ላይ አድርጌ ሰፋሁት። ሞተሩ እስኪበርድ ጨርሻለሁ። ዓሊ ከጋሽ ተገኘ ትፈጥናለች አለ። እኔም አመንኩት።

ስድስት ሰዓት ሊል ሲል፣ መካነ ሰላም

ጋሽ ተገኘ ሰላምታ ሳይጨርሱ ጃንጥላውን ሊከፍቱ ገፋ አደረጉት። ግማሽ ድረስ ተከፍቶ ቀጥ አለ። ለካ ሁለቱን እጥፋት አንድ ላይ ሰፍቼዋለሁ። ማን ነው የሰፋው ሲሉ የኔታ ጣራውን አዩ።

«እኔ ነኝ» አልኩ።

«ታጥፎ?»

«ነፋስ ነበር።»

ከላይ እስከ ታች አዩኝ። እኔም አየኋቸው፤ ኮታቸው ቁልፍ የለውም፣ በመርፌ ቁልፍ ተይዟል። አላስቻለኝም፣ ኮትዎን ለምን አይሰፉትም አልኳቸው።

«ልብስ ሰፊ አይደለሁም። እኔ ጃንጥላ ነኝ።»

ወደ ዓሊ መኪና ልመለስ ፈልጌ ነበር። የኔታ ግን ነጠላቸውን እንዳጣፉ በሩ ላይ ቆመዋል፤ ንግሡ ነገ ነው። ጋሽ ተገኘ ምላጭ አቀበሉኝ።

«ፍቺው። ጃንጥላ ተከፍቶ ነው የሚሰፋ። ለነገ ካደረሽው ወንበሩ ያንቺ ነው።»

ተቀምጬ መፍታት ጀመርኩ። ንድድ ብሎኛል፤ በእሳቸውም፣ በዓሊም፣ በራሴም። ጥቂት ቆይቼ ቀና ሳልል ኮትዎን ያውልቁት፣ ከዚህ ቀጥሎ ቁልፍ እተክልለታለሁ አልኳቸው።

«ዘርፍ ብቻ ብዬሻለሁ» አሉ፤ ኮቱን እያወለቁ።