ውሃ የማትጠጣው እህቴ

ባለፈው ሰሞን ከጎብዬ ስመለስ ቆቦ መናኸሪያው አጠገብ ከሚኒባስ ወረድኩ። ጉልበቴ ያለ ዕድሜው ከከዳኝ ወዲህ ያለ ከዘራ አልንቀሳቀስም። የጎርፍ መውረጃ ቦዩን እንዴት ልሻገረው ብዬ ቆሜ ሳመነታ፣ ሁለት ጎረምሶች ሳይጠይቁኝ በግራና በቀኝ ብብቴን ይዘው ብድግ አደረጉኝና ማዶ አስቀመጡኝ። "አብሽሪ እማ!" ብለው እየሳቁ ሄዱ። መረቅኳቸው። ግን ተናደድኩ። ልጆቹ ምን አጠፉ? ምንም። የተናደድኩት በድሮ ሰዎች ነው።

ታላቅ እህቴን ዘይነባን በልጅነቷ ልምሻ መቷት እግሮቿ አይታዘዟትም ነበር። እጇና ምላሷ ግን፣ አላህ ይማራትና፣ የሚችላቸው አልነበረም። በእጅ የሚዞር የስፌት መኪና ነበራት። በዘጠናዎቹ መጀመሪያ፣ እኔ ሃያዎቹን ስጀምር፣ ዋናው መንገድ ዳር ካለው የጋሽ ካሳ ጨርቃ ጨርቅ ሱቅ በረንዳ ላይ ትሰፋ ነበር። ጋሽ ካሳ ደግ ሰው ነበሩ፤ ለበረንዳው ኪራይ አንስተውባት አያውቁም። ጠዋት በእጅ የምትነዳውን ባለ ሦስት ጎማ ሳይክሏን እያሽከረከረች፣ መንገደኛውን ሁሉ እየተሳደበች፣ እየቀለደች ማለቴ ነው፣ ቀጥ ብላ መኪናዋ ጋ ትደርሳለች። የሚገፋት ሰው አትወድም። "እጄ አልሞተም!" ትላለች።

አንድ ክረምት ከተራራው የወረደ ጎርፍ ሱቆቹ ውስጥ ገባ። የማሽላ ጆንያ ሁሉ ረጥቦ ከተማው ለሳምንታት ሸተተ። ከዚያ በኋላ ቦይ ተቆፈረ፤ የእግረኛው መንገድም በድንጋይ ተገንብቶ እስከ ጉልበት ከፍ አለ። ለጎርፉ መልካም ነበር፣ አይካድም። መውጫው ግን ደረጃ ብቻ ነው። የአስፋልቱ ጠርዝ ላይ ደግሞ አይሱዙዎች ቆመው ስለሚውሉ፣ ዘይነባ በእነሱና በሚከንፈው መኪና መካከል ተሹለክልካ መምጣት ነበረባት።

መጀመሪያ የመጣች ቀን ደረጃው ሥር ስትቆም የእህል በረንዳው ወዛደር አራጋው ሮጦ መጣና እንደ ሕፃን አቅፎ አወጣት። ሰው አጨበጨበ። "እኛ እያለን!" አለ አራጋው ደረቱን ነፍቶ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት ያወጣታል፣ ማታ ያወርዳታል። እሱ ከሌለ ሌላ አይጠፋም። ሰው በሰው ላይ ይሽቀዳደም ነበር።

ሰንበት ብላ ጋሽ ካሳን እንዲህ ስትላቸው አጠገቧ ቁልፍ እየተከልኩ ነበር፤ "ጋሽ ካሳ፣ እዚህ ጥግ ደረጃውን በሲሚንቶ ተዳፋት ቢያደርጉልኝ፣ ቦዩንም ቢከድኑልኝ፣ ሳይክሌን እየነዳሁ በራሴ እወጣ ነበር።"

ፊታቸው ልውጥ አለ። "ምነው ዘይነብዬ? ማን ፊት ነሳሽ? ሞተናል ወይ እኛ? ለሰው መድኃኒቱ ሰው ነው እንጂ ሲሚንቶ ነው እንዴ?"

አራጋውም ሰምቶ አኮረፈ። እኛ አገር የሚያግዝህን ሰው አልፈልግህም ማለት ከቀረበ ማዕድ ተነስቶ እንደ መሄድ ነው። ዘይነባ ስትለማመጠው ከረመች። ነገሩንም ሁለተኛ አላነሳችው።

ያኔ ያልገባኝ ሌላ ነገር ነበር። ሽንት ቤቱ ከሱቁ ጀርባ ነው። እዚያ ለመድረስ ወንድ አቅፏት መውረድ፣ ገበያው ሁሉ እያያት መሄድ፣ ተመልሳም መታቀፍ ነበረባት። ግንቦት ላይ፣ የቆቦ ሙቀት አስፋልቱን ሲያለሰልሰው፣ ምሳና በኮዳ ቀዝቃዛ ውሃ ይዤላት ስሄድ "ፆመኛ ነኝ" ትለኛለች። ሰኞና ሐሙስ ብቻ መስሎኝ ነበር፤ ቆይቶ ማክሰኞም ረቡዕም ሆነ። ከንፈሯ ተሰነጣጠቀ። ሰዎች "ማሻአላህ! ምን ዓይነት ዲን ያላት ልጅ ናት!" ሲሏት አንገቷን ደፍታ መኪናዋን ታዞራለች።

እሸት የደረሰ ሰሞን ጎኗን ይዛ መጮኽ ጀመረች። ጤና ጣቢያ ወሰድናት። ነርሷ ኩላሊቷ መጎዳቱን ነግራን "ውሃ በብዛት ጠጪ" አለቻት። ስንመለስ መንገድ ላይ ሳይክሏን አቆመች።

"ፋጤ፣ ውሃ ከጠጣሁ ማን ያወርደኛል?"

"ፆመኛ ነኝ ስትይ የነበረውስ?"

"በአላህ ስም ዋሸሁ እንጂ ምን ላድርግ? 'ሽንቴ መጣ፣ እቀፈኝ' ልበለው አራጋውን?"

እስከ ቤት አለቀስኩ። እሷ አላለቀሰችም።

በማግስቱ ለጋሽ ካሳ ነገርኳቸው። ራሳቸውን ይዘው ተቀመጡ። "ምነው ሳትነግረን? የምታቅፋት ሴት እንፈልግላት ነበር እኮ!" አሉ። ኧረ በአላህ! ያን ጊዜ ጮኽኩባቸው። በዕድሜዬ ታላቅ ላይ የጮኽኩት ያን ቀን ብቻ ነው። አራጋው በር ላይ ቆሞ ይሰማ ነበር። ወጣና አሸዋ በጋሪ ይዞ መጣ። ከእግረኛው መንገድ የተረፈ ድንጋይ እዚያው ተከምሮ ነበር። ጋሽ ካሳ ሲሚንቶ አመጡ። ቦዩ ተከደነ፣ ተዳፋቱ ተለሰነ። ከዙሁር እስከ መግሪብ ብቻ ነው የፈጀው። ያ ሁሉ ጥም የአንድ ከሰዓት ሥራ ነበር!

ዘይነባ ግን አልወጣችበትም። ወልዲያ ሆስፒታል ተኝታ ቆይታ ፊቷ አብጦ ተመለሰች። ማሽላው ታጭዶ ሳያልቅ ቀበርናት።

ሱቁ ዛሬ የሞባይል ቤት ነው። ተዳፋቱ ላይ ባጃጅ ይቆምበታል፤ አንዳንዴ ቆሜ ባለባጃጁን እቆጣለሁ፣ "ማን ሊወጣበት ነው እማማ?" ይለኛል። አልፈርድበትም፣ የሚያውቀው ነገር የለም። እኔን የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። ሰዎቹ ክፉ ቢሆኑ ኖሮ ረግሜያቸው በተገላገልኩ። ደጎች ነበሩ። እህቴን ያስጠማት ደግነታቸው ነው ብል ልጆቻቸው እንዳይቀየሙኝ ብዬ እስከ ዛሬ ዝም አልኩ። እሷም ዝም ያለችው ሰው እንዳይቀየማት ብላ ነበር።